የወንድሜን ፖስታዎች የነከርንባቸው ቀናት

ደሴ የወጣሁት አባዬን ይዣቸው ልወርድ ነበር። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ሰሞን ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ስለነበር፣ አባዬን ይዤ ወደ እሱ ለመሄድ ነበር ያሰብኩት። ጦርነቱ እየቀረበ መሆኑን ሰው ሁሉ ያወራል፤ የቻለ እየወጣ ነበር። አባዬ ግን አሻፈረኝ አሉ።

“እናትሽን የቀበርኩበትን አገር ጥዬ በስተርጅና የት ልንከራተት ነው?”

እኔ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ እሳቸው መልሰው ያወጡታል። እንዲህ ስንገፋፋ መንገዱ ተዘጋ። ከሰኞ ገበያ በላይ ባለው ሰፈራችን አንድ ጠዋት ተኩሱ ሲያባራ፣ ከተማው በታጣቂዎች እጅ ገብቶ ነበር።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰኞ ገበያ ውስጥ፣ ደንበኛ ሲመጣ እሳቸው ካልተነሡ በማታስገባ ሱቅ፣ ሱሪ ሲያሳጥሩና ጀለቢያ ሲሰፉ ነው የኖሩት። ከሥራቸው ሌላ የሚወዱት ነገር ቢኖር ቴምብር ነበር። ከማን እንደተማሩት አላውቅም። ልጆቻቸው አረብ አገር ያሉባቸው እናቶች ቀሚስ ሊያሰፉ ሲመጡ የጂዳና የቤሩት ፖስታ ይዘውላቸው ይመጣሉ። አባዬም “ገላውን ለራስሽ ያዢ፣ ልብሱን ለኔ ስጪኝ” ይሏቸዋል። ልብስ የሚሉት ፖስታውን ነው።

በልጅነቴ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሱቁ ስለማይከፈት፣ ቴምብር የምንነክረው ያን ቀን ነበር። አባዬ መጀመሪያ ፖስታውን ቴምብሩ ካለበት ጥግ ሰፋ አድርገው በመቀስ ይቆርጡታል። የቴምብሩ ጥርሶች እንዳይነኩ ይጠነቀቃሉ። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ ያደርጋሉ፤ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ነው መሆን ያለበት። ቁራጩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ውሃው ላይ ያንሳፍፉትና ይቀመጣሉ። እኔ ጣቴን ስሰድ፣ “ውሃው ይሥራበት፤ አንቺ እጅሽን ሰብስቢ” ይሉኛል። ሙጫው ሲላላ ቴምብሩ በራሱ ጊዜ ከወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል። ሳይለቅ መላጥ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ቀያዩ የዒድ ካርድ ፖስታ ቀለሙ ስለሚለቅና ሌላውን ስለሚያበላሽ ለብቻው ይነከራል። የለቀቀውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ አንሥተው፣ አቡጀዲ ላይ በፊቱ ይደፉታል። ፀሐይ አያሳዩትም። ሊደርቅ ሲል መጠቅለል ስለሚወድ በሁለት ጨርቅ መሐል ያደርጉትና የቀዘቀዘ የከሰል ካውያ ይጭኑበታል።

እነዚህን ሁሉ ሲነክሩ ያልነከሩት አንድ እስር ፖስታ ነበራቸው። የወንድሜ ነው። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ወታደር ነበር። በወጣትነቱ ገብቶ ድንበር ላይ በቆየባቸው ዓመታት ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስለነበር ደብዳቤ ይልክ ነበር። መጻፍ አይወድም። ግን አባዬ ሲሸኙት፣ “የምትለው ባይኖርህ እንኳ ባዶውን ላከው፤ ቴምብሩን ግን እየለዋወጥክ ለጥፍልኝ” ብለውታል። እሱም ፈቃድ አግኝቶ ከተማ በገባ ቁጥር ከፖስታ ቤት አዲስ ቴምብር ፈልጎ ለጥፎ ይልካል። በፖስታው ጀርባ ስሙን፣ ማዕረጉንና ያለበትን ክፍል በትልልቅ ፊደል፣ ግድግዳ ላይ እንደሚጻፍ ማስታወቂያ ይጽፋል። ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ፊደሉም ከፍ ይላል እያልን እንስቅበት ነበር። አባዬ እነዚያን ፖስታዎች በስፌት ክር አስረው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው። መቼ እንደሚነክሯቸው ስጠይቃቸው፣ “ይቆዩ፤ አይቸኩሉም” ነበር መልሳቸው።

ታጣቂዎቹ ከገቡ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ጠሩኝ። የቄስ ባልቴት ናቸው፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“አንቺ ልጅ፣ ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። እላይ መንደር የወታደር ፎቶ አገኙና አባወራውን ይዘውት ሄዱ። በማርያም፣ እናንተ ቤት ምን አለ?” አሉኝ።

ያለውን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ያኔ ግንባር ላይ ነበር፤ ከሰነበተ ድምፁን አልሰማንም። ወንድሜ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣው ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር። ደብዳቤዎቹ በእናቴ የልብስ ሻንጣ ውስጥ ነበሩ። ፖስታዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ። ገብቼ ለአባዬ ነገርኳቸው። ተነሡና ፎቶውን አውርደው ከመስታወቱ አወጡት። ማድ ቤት ገብተን ከሰሉ ላይ አደረግነው። ሌሎቹን ፎቶዎችም፣ ደብዳቤዎቹንም እንዲሁ። አባዬ ፎቶው እስኪከስል ቆመው አዩና ወጡ። ፖስታዎቹን ላመጣ ስል ግን ቁም ሣጥኑ ፊት ተቀምጠው እስሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው።

“ይስጡኝ አባዬ፣ ይቃጠል።”

“ጽሑፉ ይቃጠል። ቴምብሩ ምን አደረገ? ቴምብር ማዕረግ የለውም።”

“አሁን የቴምብር ጊዜ ነው?”

“እናቱ ሞታለች። ፎቶውን አሁን አቃጠልሁት። ደብዳቤውንም። ይህችን ተይልኝ።”

ቁጣ ቢሆን እመልስ ነበር። ልመና ሆነብኝ። በዚያው መቀሱን አመጣሁላቸው።

አሠራራችን እንዲህ ሆነ። አባዬ አንድ ፖስታ ያነሣሉ፣ ገልብጠው ጀርባውን ያነባሉ፣ ጥጉን ቆርጠው ያስቀሩና ቀሪውን ለኔ ይሰጡኛል። እኔ ወስጄ እሳት ውስጥ እጨምራለሁ። አንዳንዱን ሲሰጡኝ፣ “ይህን የላከው ወባ ይዞት ከተነሣ በኋላ ነው” ወይም “ይህ ሲመጣ እናትሽ ሐርቡ ለቅሶ ሄዳ ነበር” ይላሉ። አንዱን ሁለት ጊዜ አንብበው ሊሰጡኝ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ መልሰው ወሰዱትና እንደገና አነበቡት። የተጻፈበት ስሙና ማዕረጉ ብቻ ነው። ጠበቅኋቸው። በመጨረሻ ራሳቸው ተነሥተው ከሰሉ ላይ አደረጉት።

ቀላሉ ይኼ ነበር። የቀረው መንከሩ ነው። ቧንቧ ውሃ ካቆመ ሰንብቷል። ጀሪካን ይዘን ገደሉ ሥር ካለው ምንጭ የምንቀዳው ሴቶች ነን፤ ወንድ ከወጣ ላይመለስ ይችላል። ያን በጀርባዬ ያመጣሁትን ውሃ አባዬ ለመጠጥ፣ ለውዱእና ለቴምብር ይከፍሉታል። ከሰል ለውሃ ማሞቂያ ማባከን ስለማይቻል ሳህኑን መስኮት ሥር አስቀምጠው ፀሐይ ለብ እንድታደርገው ይጠብቃሉ። ደሴ ብርድ ነው፤ ፀሐይዋም ለመውጣት ታንገራግራለች። በቀዝቃዛ ውሃ ሙጫው ቶሎ አይለቅም። ተኩስ ስንሰማ ሳህኑን አልጋ ሥር እንገፋዋለን፤ ሲያባራ እንስበዋለን። እኔ በሩን እየተመለከትኩ፣ “ይፍጠኑ አባዬ፣ ይላጡትና ይብቃ” እላለሁ። እሳቸው፣ “አብሽሪ። ከቸኮልሽ ወረቀቱም አይጠፋ፣ ቴምብሩም አይተርፍ” ይሉኛል።

እማማም መጥተው አብረውን ይቀመጡ ነበር። ብቻቸውን ሆነው ከሚፈሩ ከኛ ጋር መፍራት ይሻላቸዋል። አንድ ቀን ሳህኑን አይተው አይተው ትዕግሥታቸው አለቀና አንዱን ቁራጭ አውጥተው በጥፍራቸው ሳብ አደረጉት። ቴምብሩ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። አባዬ ጮኹ። ያን ያህል ጮኸው ሰምቻቸው አላውቅም።

“ምን ሆነሽ ነው! የልጄን! የልጄን ቀደድሽው!”

እማማ ግማሹን በአንድ እጅ ግማሹን በሌላ እጅ ይዘው ቀሩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። የሳቸውም ልጅ ከቤት ከወጣ ከርሟል፤ በየት በኩል እንደሸሸ አያውቁም። አባዬ ቁራጮቹን ተቀብለው አቡጀዲው ላይ አገጣጥመው ደፉትና፣ “አፉ በይኝ እመት፤ ልቤ ጠቦ ነው” አሏቸው። ከዚያ በኋላ እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከትተው ነበር የሚቀመጡት።

ቴምብሩ የለቀቀውን ወረቀት አሽቼ እጨምቅና፣ ሲደርቅ አቃጥለዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ከአድራሻችን የተቆረጠ ፊደል ይኖርበታል። አመዱን እማማ በዘንቢል ወስደው ጓሯቸው ውስጥ ጌሾው ሥር ይበትኑታል። ከቀን ወደ ቀን አቡጀዲው ላይ የሚደረደረው እየበዛ ሄደ፤ ክሩ ብቻ ቀረ። እሱንም አቃጠልኩት።

የመጨረሻዎቹ ሲደርቁ ነበር የመጡት። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ፍራሹን መገልበጥ፣ ሻንጣውን መዘርገፍ ጀመሩ። ሦስተኛው፣ ፂሙ የሸበተው፣ መሐል ቤት ቆሞ ዙሪያውን አየና አቡጀዲው ላይ ዐይኑን ጣለ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ቴምብር ነው፣ ልጄ። ከፖስታ ላይ እያላቀቅሁ የምሰበስበው” አሉ አባዬ።

“ፖስታው የታለ?”

“መብራት የለ፣ ጋዝ የለ። እሳት አቀጣጠልንበት።”

“የማን ፖስታ ነበር?”

“ሰዎች ይሰጡኛል። ደንበኞቼ። ከጂዳ የሚጽፍ አለ፣ ከቤሩት የሚጽፍ አለ።”

ሰውየው ቁጢጥ ብሎ አንዱን ገለበጠ። “ይሄ የዚህ አገር ነው” አለ። ሌላ ገለበጠ። “ይሄም። ይሄም።” ከዚያ አንዱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ የፖስታ ቤቱን ማኅተም ለማንበብ ሞከረ።

“ሽማግሌ” አለ ሳያያቸው። “እስላም ነህ አይደል? ወላሂ የደንበኞቼ ናቸው በል።”

አባዬ አቡጀዲው ላይ አቀረቀሩ።

“በላ!”

አባዬ በሐሰት ወላሂ ብለው አያውቁም። ጨርቅ ሲገዙ ሻጩ ወላሂ ካለ፣ “ስለ አንድ ሜትር ጨርቅ ጌታን አትጥራ” ብለው ትተውት የሚሄዱ ሰው ናቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃል ግን አልወጣም።

“ወላሂ!” ብዬ ጮኽኩ እኔ። “ወላሂ የደንበኞቻቸው ናቸው! ወላሂል ዐዚም!”

ሰውየው እኔን አልሰማኝም ወይም ሊሰማኝ አልፈለገም። ተነሥቶ አባዬን በጠመንጃው አፈሙዝ ደረታቸው ላይ ገፋቸው። ዘረፋ ፈርተው ከሱቁ ያመጡት የስፌት መኪና መርገጫ እግራቸውን ጠለፋቸውና ወደ ጎን ወደቁ። ሲወድቁ በቀኝ እጃቸው መሬቱን ተመረኮዙ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ስልኬን፣ የአባዬን ያልተሰፉ ጨርቆችና የኔን ጫማ ወስደው ሄዱ። ቴምብሮቹን አልነኩም።

የሰፈራችን ወጌሻ ሸሽቷል። እማማ የካርቶን ቁራጭ አምጥተው ከእጃቸው ጋር በመቀነታቸው አሰሩላቸው። አባዬ ጥርሳቸውን ነክሰው እስኪያልቅ ጠበቁና፣

“ስለኔ ብለሽ ነው የማልሽ። አላህ ያውቀዋል” አሉኝ። እኔ ስለ መሐላው አላሰብኩም ነበር። እሳቸው ግን ስለ እጃቸው ሳይሆን ስለዚያ ነበር የተጨነቁት።

ታጣቂዎቹ ለቀው መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ ያደረግሁት በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መውሰድ ነበር። ሐኪሙ የእጃቸውን ራጅ በብርሃን አየና አጥንቱ ተዛብቶ እንደ ገጠመ ነገረን። ቶሎ ቢመጡ ኖሮ አለ፤ ከዚያ ራሱ ምን እንዳለ ገባውና አቀረቀረ። አባዬ ሲመለሱ መቀሱን በቀኝ እጃቸው ሞከሩት። አውራ ጣታቸው አልታዘዘም። መቀሱን ቀለበቱ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው እንደገና ሞከሩ፤ ከዚያ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጡት። ሱቁን ለሌላ ልብስ ሰፊ ለቀቁ።

የወንድሜን ነገር የሰማነው ስልክ ሲመለስ ነው። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ አዲስ ቀፎ አምጥቶልኝ የድሮ ቁጥሬን አስመልሼ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው። ስሜን ጠርቶ እህቱ መሆኔን አረጋገጠና፣ “አባታችሁ አጠገብሽ ናቸው?” አለኝ። አጠገቤ ነበሩ። ፊቴን አይተው ገባቸው። “ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን” አሉ ተቀምጠው እንዳሉ፤ ከዚያ ደግመው፣ ከዚያ ደግመው። ጓደኛው በስልኩ ውስጥ እያለቀሰ ነበር። ሬሳ አልነበረም። የተቀበረው እዚያው በወደቀበት ነው፤ ቦታውንም በቅጡ ሊነግረኝ አልቻለም።

ለቀስተኛ መጣ። ሰው ለቅሶ ሲደርስ የሟቹን ፎቶ ማየት ይፈልጋል። “ፎቶው የለም?” ይሉናል። አቃጠልነው ለማለት ከበደኝ። እማማ ከበር ላይ እየተቀበሉ ቀድመው ለሰው ይነግሩልኝ ጀመር።

ሰደቃው ካለፈ በኋላ አባዬ አንድ ከሰዓት የቴምብር አልበማቸውን እንዳወጣላቸው ነገሩኝ። የወንድሜ ቴምብሮች ከመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነበሩ። በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሣሁ እንድገለብጥላቸው አዘዙኝ።

“ምን ፈልገው ነው?”

“እጁን። ከጽሑፉ የቀረች አንዲት ፊደል እንኳ ብትኖር። ወረቀት ያልለቀቀው አንድ አይጠፋም።”

ገለበጥኩ። ነጭ ነበር። ሁለተኛውም ነጭ። አንዱም ላይ የወረቀት ቁራጭ አልነበረም፤ ሙጫ እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም በንጹሕ ውሃ ተለቅልቀዋል። እማማ የሰነጠቁት እንኳ ሁለቱም ግማሾቹ ነጭ ነበሩ። አባዬ የቴምብሮቹን ጀርባ በግራ እጃቸው ጣት ዳበስ አድርገው፣ “ጥሩ አድርገን ነው የሠራነው” አሉ። ምሬት ይሁን ሌላ ነገር ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔ አልበሙን እንዳይነካው ከእንባቸው አሸሸሁት፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ልማድ ነው።

አሁን አባዬ ከኛ ጋር ኮምቦልቻ ናቸው። ሙቀቱን አይወዱትም። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ፖስታ የሚያመጣላቸው የለም። ቢያመጣም እጃቸው ወረንጦ አይዝም። ከአልበሙ የሚያዩት የወንድሜን ገጾች ብቻ ነው። በማኅተሙ ቀን ቅደም ተከተል እንድደረድርላቸው አደረጉኝ። ማኅተም ግን ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ነው የሚያርፈው፤ የከተማው ስም የሚነበበው እስከ እኩሌታው ነው። ሌላው እኩሌታ ከፖስታው ጋር ነዷል።

ባለፈው ባለቤቴ ከጉዞ ተመልሶ እግሩን እየታጠበ ሳለ አባዬ አልበሙን ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ።

“አንተ መንገድ ታውቃለህ። ይህች ምን የምትባል ከተማ ናት?”

ባለቤቴ እጁን ጠርጎ ጠጋ ብሎ አየ። የቀሩትን ፊደሎች ደጋግሞ በአፉ አነበነበና፣ “ይችንማ አውቃታለሁ። ሁለት ጊዜ ጭነት አራግፌባታለሁ” አለ።

አባዬ ቀና አሉ። “እንዴት ያለች ናት?”

“ትንሽ ናት። አስፋልት የላትም። ነፋስና አቧራ ነው።”

“ዛፍስ?”

“ጥቂት ግራር አለ።”

“ውሃስ?”

ባለቤቴ ወደኔ አየ፤ ምን ልበል የሚል አስተያየት ነው።

“ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣላቸው” አለ። “አንዳንዴ ይቀራል። ስንሄድ ወታደሮቹ ጀሪካን ይዘው ከመንገድ ዳር ያስቆሙን ነበር።”

አባዬ ወደ ቴምብሩ ጎንበስ አሉ።

“እንዲህ ብሎ አልጻፈልኝም” አሉ። “አንድም ቀን ጠማኝ ብሎ አልጻፈልኝም።”

ከዚያ ገጹን ገለጡና ቀጣዩን ቴምብር አሳዩት።